ሱሎቻና ስንት ናት?

ሰኞ፣ ጁን 24

ዝናብ። አውቶቡስ ውስጥ ጃንጥላዬን የያዘችልኝ ሴትዮ ይዛው ወረደች። የእሷ እኔ እጅ ቀረ። ከእኔው ይሻላል… አልጠራኋትም።

ቢሮ ስደርስ አለቃዬ ኩሪያን ሳር ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሟል። አለቃ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ቆሞ ከጠበቀ፣ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሥራ መጥቷል።

«ቫሱማቲ፣ ጡረታ ልትወጪ ስንት ቀረሽ?»

«አምስት ሳምንት።»

«ይበቃል።»

ሰው አልሞተም። የአቹታን ማሽ የጀልባ መጽሐፍ ነው። ማሽ ማለት መምህር ነው፤ አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አባታቸው የእባብ ጀልባ ሠሪ ነበሩ፤ መቶ ቀዛፊ የሚጭነውን፣ ጭራው ወደ ላይ የሚቆመውን። አባት በቃል የሚያውቁትን ልኬት ሁሉ ልጅ በሰንጠረዥ አስቀምጦታል። በዘንግ፣ በጣት፣ በክፍልፋይ። ሌላ ቦታ አልተጻፈም።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት መጽሐፉን ሊያስለቅሙ እኛ የፊደል ለቀማ ቢሮ መጥተው ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ስሕተት አይተው «እኔው ልማር» አሉ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በእኛ አለቃቀም ሰው የሚጽፈው ትእዛዝ ነው፤ እዚህ ክፍልፋይ አድርግ፣ እዚያ መስመር አስምር ይላል። ማሰለፉንና ማሳመሩን ኮምፒውተሩ ይጨርሰዋል። ማሽ በሦስት ሳምንት ከእኔ በለጡ።

አሁን አሳታሚ ተገኘ። አሳታሚው ግን «ወርድ» በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ካልሆነ አልቀበልም አለ። አዘጋጁን፣ ፕራሳናን የሚባለውን፣ በስልክ አነጋገርኩት።

«ቀይ እርማት የማስገባበት ፋይል ነው የምፈልገው።»

«እርማት የማያስፈልገው ቢሆንስ?»

«ታዲያ እኔ ለምን ተቀጠርኩ?»

ይሄ ሰው አያስጠላም። እስከ ጁላይ 31 ካልደረሰው መጽሐፉ ለከርሞ ያድራል። ማሽ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከርሞ የሚለውን ቃል አይወዱትም። የማሽ መንደር ደግሞ ለአዲስ ጀልባ ዛፍ ጥሎ እየጠበቀ ነው። ሁለት ዓመት ፈልገው ያገኙት አንድ ዛፍ። አናጢው ልኬቱን የሚወስደው ከዚሁ መጽሐፍ ነው።

የመጨረሻ ሥራዬ ይሄ ይሁን? ይሁን።


ማክሰኞ፣ ጁን 25

ሻይኒ ከጎኔ የምትቀመጥ ለቃሚ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔን ቼቺ፣ እታለም፣ ትለኛለች፤ በአዝራር ታምናለች።

«ቼቺ፣ ምን ያስጨንቅሻል? መቀየሪያው ውስጥ ትከቺዋለሽ፣ ቀይር ትይዋለሽ፣ ሻይ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ።»

ከተትኩት። ቀይር አልኩት። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ የነበረው መጽሐፍ ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ሆኗል። የሰንጠረዦቹ ዓምዶች ጎን ለጎን መቆም ትተው አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለዋል። የግርጌ ማስታወሻዎቹ በሙሉ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተሰብስበው እንደ ተባረሩ ተከራዮች ተቀምጠዋል። የጀልባው ሥዕል መሬት ቆፋሪ ትል መስሏል።

«ሻዩ ጥሩ ነበር» አልኳት።


ሐሙስ፣ ጁን 27

ሁለት ቀን ሰንጠረዥ ስናቆም ዋልን። እኔ ከፊት፣ ሻይኒ ከኋላ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ተገናኘን። እንደ ዋሻ ቆፋሪዎች ተጨባበጥን።

ወርድ ላይ አንዱን ዓምድ ስታጠቢው ሌላው ይሰፋል። ሌላውን ስትነኪው ሥዕሉ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይሸሻል። ለምን ይሸሻል? ማን ነካው?

ሆኖም ገጾቹ ንጹሕ እየሆኑ ነው። ቁጥሮቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። እንዲያውም ከጠበቅኩት በላይ ንጹሕ ናቸው።


ዓርብ፣ ጁን 28

ፕራሳናን ሦስቴ ደወለ። በአራተኛው «ተረጋግጧል» የሚለው ወረቀት ላይ ፈረምኩና ላክሁት። ኩሪያን ሳር ትከሻዬን ሊመታ እጁን አነሣ፤ አሰበና መለሰው።

ቤት ገብቼ ካሳቫ በዓሣ በላሁ። አሥር ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።


ሰኞ፣ ጁላይ 1

ሃያ ዘጠኝ ዓመት።

በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ የተሳሳተ ቁጥር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። አጉል ልማድ አለብኝ፤ ዓምድ ካየሁ እደምራለሁ። የገበያ ወረቀትም ቢሆን፣ የአውቶቡስ ሰሌዳም ቢሆን። ዓርብ ዕለት ግን ሳልደምር ፈረምኩ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ፈትቼ ሰባተኛውን ሰንጠረዥ ከፈትኩ። የጀልባው አከርካሪ። ሦስት ግንድ ተቀጣጥሎ አንድ አከርካሪ ይሆናል። አንደኛው 18 ዘንግ፣ ሁለተኛው 19፣ ሦስተኛው 18። ድምር 57 ይላል።

አምሳ አምስት ነው እንጂ።

እንደገና ደመርኩ። ሻይኒ እንድትደምር ሰጠኋት። «አምሳ አምስት» አለች፣ እንደ ዋዛ። ሁለት ዘንግ የት ገባ? ሁለት ዘንግ ማለት እኮ ከእኔ ቁመት በስክሪብቶ የሚያንስ ነው።

ማሽ የጻፉትን ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። እንዲህ ይላል፦ 18 ሱሎቻና። 19 ባርጋቪ። 18 ሱኩማራን።




በዚያው ቀን፣ ከሰዓት

ገባኝ። የገባኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ነው። ያኔ ሳስተምራቸው «ማሽ፣ ደጋግመው የሚጽፉትን ነገር በአጭር ስም ይሰይሙት፤ ጣትዎ አይድከም፤ የማይረሱትን ስም ይምረጡ» ብያቸው ነበር። ማሽ የማይረሱትን ስም መረጡ። ቤተሰባቸውን። ባርጋቪ ሚስታቸው ናቸው። እያንዳንዱ ዘመድ አንድ ክፍልፋይ ነው።

ማን ስንት እንደሆነ የሚናገረው ትንሽ ፋይል በማሽ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ በጎርፉ ዓመት ሄደ። የታተመው ናሙናም አብሮ ሄደ።

የእኛው አሮጌ ፕሮግራም ቢሆን የማያውቀው ስም ሲገጥመው ሥራ አቁሞ ይጮሃል። መቀየሪያው ግን ጨዋ ነው። የማያውቀውን ሰው ዝም ብሎ ያልፋል። የመምህሩን ቤተሰብ በሙሉ፣ ከሰላሳ ሁለት ሰንጠረዥ፣ አንድም ቅሬታ ሳያሰማ አስወጣቸው። ገጹ ለዚያ ነው ንጹሕ የሆነው።

ፕራሳናን ጋ ደወልኩ።

«ፋይሉን እንዳትነካው።»

«አልነካሁትም። ለመንደሩ ኮሚቴ ብቻ ነው ያስተላለፍኩት፤ አናጢው ቸኩሎ ነበር።»

የአናጢውን ቁጥር ተቀብዬ ደወልኩ፤ አላነሣም። 


ማክሰኞ፣ ጁላይ 2

ግንዱ ገና አልተቆረጠም። ዳሙ አናጢ ትናንት ማታ መልሶ ደወለልኝ።

«የቀን መቁጠሪያው ለመቁረጥ ጥሩ ሰዓት የሚሰጠኝ ሐሙስ፣ ጁላይ 11 ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት መጋዝ አላነሣም።»

ዕድሜዬን ሙሉ በቀን መቁጠሪያ ሳሾፍ ኖሬያለሁ። ዛሬ አንዱን ገዝቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ።

ከጁላይ 16 ጀምሮ ግን የካርኪዳካም ወር ይገባል፤ በዚያ ወር በጎ ሥራ የሚጀምር ሰው የለም። ግንዱ አንድ ወር ሙሉ ዝናብ ላይ ከተኛ ደግሞ ይሰነጠቃል ይላል ዳሙ። ስለዚህ ሐሙስ 11 ነው። ወይ ትክክለኛው ቁጥር ይደርስለታል፣ ወይ ዛፉ ይበላሻል፣ ወይ በእኔ ፊርማ ሁለት ዘንግ ያጠረ ጀልባ ይሠራል። መቶ ቀዛፊ፣ ሰማንያው ተቀምጦ ሃያው እየዋኘ።


ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ማሽ ጋ ደወልኩ። ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፤ ስለዚህ ስልኩን ለቤቱ ሁሉ ከፍተው ነው የሚያወሩት።

«ማሽ፣ ባርጋቪ ስንት ናቸው?»

«ሰባ አራት ዓመቷ።»

«ሰንጠረዡ ውስጥ ማለቴ ነው።»

ሳቁ። «እህ… ሦስት አራተኛ። ከምጽፈው ከአራት እጅ ሦስቱን ታርም ስለነበር።»

ከወዲያ የሴት ድምፅ፦ «አሁንም አርማለሁ።»

«ኡኒስ?»

«ልጄ? ግማሽ። የጀመረውን ሲጨርስ አይቼው አላውቅም።»

«ሱኩማራን?»

«የባርጋቪ ወንድም። ሦስት ስምንተኛ። እሱንም በአማችነት ነው የሰጠሁት።»

አንድ በአንድ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ዘመድ። ሁሉንም ያስታውሳሉ፣ ምክንያቱንም ጭምር።

«ሱሎቻናስ?»

የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ማሽ?»

«መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ» አሉ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ከዚያ ተቋረጠ።


ሐሙስ፣ ጁላይ 4

መቼስ ሒሳብ ነው። ከ57 ላይ የታወቁትን ብትቀንሺ የሱሎቻና ድርሻ ይገኛል። ሰባት ስምንተኛ። ቀላል። ለዳሙ ነገርኩት።

«አልቆርጥም» አለ።

«ድምሩ ይመሰክራል እኮ።»

«ቼቺ፣ እኛ ቤት ልኬት ከአዋቂው አፍ ነው የሚወጣው። እሱ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ፣ መጋዙ ይነሣል። አባቴም እንዲህ ነው፣ አያቴም እንዲህ ነው። የሰማሁትን እቆርጣለሁ እንጂ የተሰላልኝን አልቆርጥም። ቢሳሳት ጥፋቱ የማን ይሆናል? የድምሩ?»

የፈረምኩበት ወረቀት ትዝ አለኝ።

«ታዲያ ማሽን ራሳቸውን ጠይቃቸው።»

«ጠየቅኳቸው። ዝናቡን ያያሉ።»


ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

ዳሙ ጉዳዩን መንደሩ ሻይ ቤት አውርቶታል። ሆን ብሎ አይደለም ይላል። አሁን መንደሩ በሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ሱሎቻና የድሮ ተማሪያቸው ናት ይላል። ግማሹ ከወንዙ ማዶ የነበረች ነርስ ናት ባይ ነው። አንድ ሽማግሌ ነርሷን አስታውሳታለሁ ብለዋል።

ሻይኒ የሥራ ሰዓቷን ለዚህ መድባለች።

«አርባ አንድ ቦታ ነው የጻፏት፣ ቼቺ። ቆጠርኩ። አከርካሪው ላይ፣ አፍንጫው ላይ፣ ጭራው ላይ። ሰው ያልወደደውን አከርካሪ ላይ ያደርጋል?»

«ባርጋቪንም አድርገዋል።»

«አዎ። ግን በትንሹ።»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ሰባት ስምንተኛ ከሦስት አራተኛ ይበልጣል። ሚስትየው ደግሞ ስልኩ ከፍ ብሎ ሲወራ የራሳቸውን ድርሻ ሰምተዋል።

ምን ውስጥ ነው የገባሁት?


ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ሄድኩ። ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ፣ አንድ ሰዓት በሕዝብ ጀልባ። አንድ ሰው ብስክሌቱን ጭኖ፣ ሌላው ዳክዬዎቹን። የሙዝ ጥብስ ይዤ ነበር፤ ለነገር አብራጅ ባዶ እጅ አይሆንለትም። አንዱን ዳክዬ ሳላስበው መገብኩት።

ማሽ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ዳሙ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከደረጃው ሥር። ትልቅ ሰው ነው፣ ድምፁ ግን ትንሽ። ባርጋቪ አማ ጥቁር ሻይ ይዘው ወጡ፣ አጠር ያሉ፣ ቀጥ ያሉ ሴት። ለሁላችንም ቀዱ። ለማሽ መጨረሻ ቀዱ።

ዝናቡ ይወርዳል። በመጨረሻ ዳሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማሽ፣ ይቅርታ… ሱሎቻና ስንት ናት?»

ማሽ ዝናቡን አዩ።

«ሱሎቻና?» አሉ ባርጋቪ አማ። «የትኛዋ? ላማችን?»

ዳሙ ዘንጉን ጣለው።

እኔ… ሻይ በአፍንጫዬ ወጣ።

«ላም ናት?» አልኩ።

«ምን ትሁን ታዲያ? ዓይኖቿ ትልልቅ ስለነበሩ ነው ሱሎቻና፣ ዓይነ ውቧ፣ ብዬ ስም ያወጣሁላት፤ እኔው ነኝ። ሞተች እንጂ ነፍሷን ይማር፣ እንደሷ ያለ አልተወለደም።» ወደ ባላቸው ዞሩ። «መንደሩ ሁሉ ነርስ ናት ሲል እርስዎ ምነው ዝም አሉ?»

ማሽ በጣም ቀስ ብለው፦ «ላም ናት ብል ቁጥሩን እንድናገር ስለሚፈልጉ ነው።»

«ይናገሩዋ።»

«ስምንት ኩባያ ከሚይዘው ገንቦ… ጠዋት ጠዋት ሰባቱን ትሞላ ነበር።»

ባርጋቪ አማ አርባ ዓመት ወተት ሸጠዋል። ክፍልፋይ ለሳቸው ወረቀት አያስፈልገውም። ፊታቸው ላይ ሒሳቡ ሲሠራ አየሁት።

«እርስዎ» አሉ «ላሚቱን በአንድ ስምንተኛ አስበለጡብኝ።»

«ባርጋቪ፣ የጊዜው ሁኔታ…»

«አሥራ ስምንት ዓመት።»

«ማንም እንዳያየው ነበር እኮ! ፋይል ውስጥ ነው!»

«ሰውየው ከነርስ ጋር ታሙ ቢባል ዝም ይላሉ። ላም ናት ለማለት ግን ይፈራሉ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ባል አለሽ?»

«ሞቷል፣ አማ።»

«እሱስ ስንት አድርጎሽ ነበር?»

አሰብኩ። «ቆጣሪ አልነበረም» አልኩ።

«ደግ ሰው ነበር።»

ከዚያ ሳቁ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በትከሻቸው፣ ከዚያ ሻዩን አስቀምጠው። ማሽ ግን ገና አላመኑም፤ የሳቁን መጨረሻ እየጠበቁ ነበር።

«አሁን ለልጁ ጮክ ብለው ይንገሩት» አሉ ባርጋቪ አማ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዛፉ ይበላሻል። ስለኔ በኋላ እንነጋገራለን።»

ማሽ ተነሡ። እንደ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሱሎቻና፣ ሰባት ስምንተኛ።»

ዳሙ ራሱን ነቀነቀ። ዘንጉን አነሣ። ማታውን ሻይ ቤት እንደሚያወራው ከአረማመዱ ያስታውቃል።


ሐሙስ፣ ጁላይ 11

ዳሙ በስልኩ ፎቶ ላከ። መጋዝ፣ ግንድ፣ ዱቄት። ከሥሩ፦ «ሰማሁ። ቆረጥኩ።»


ረቡዕ፣ ጁላይ 31

የመጨረሻ ቀኔ።

ፋይሉ ትናንት ወጣ። ሰላሳ ሁለቱንም ሰንጠረዥ በእጄ፣ ክፍልፋይ በክፍልፋይ። ይኸኛውን ደምሬ ፈረምኩ። ፕራሳናን ደውሎ «ንጹሕ ነው» አለኝ። «ያ ቃል ያስፈራኛል» አልኩት። አራት ቀይ እርማት አስገብቷል፣ ሦስቱ ኮማ። ደሞዙ እንዲዋጥለት ይሁን።

ንጹሕ ነው እውነትም። ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው። 18⅞፣ 19¾፣ 18⅜፣ ድምር 57። ሰው ግን የለበትም። ኡኒ የለም፣ ሱኩማራን የለም… ቁጥር ብቻ።

ኩሪያን ሳር የስንብት ኬክ አስመጣ። ስሜ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። ማንም አላየም፤ እኔ ቆርጬ በላሁት።

ከዚያ ተመልሼ ማንም ያላዘዘኝን ሥራ ሠራሁ። ማሽ የጻፉትን ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። ሱሎቻና ያለችበት አርባ አንድ ቦታ ባርጋቪ፣ ባርጋቪ ያሉበት ስልሳ ሦስት ቦታ ሱሎቻና አደረግኩ። የጠፋውንም ትንሽ ፋይል እንደገና ጻፍኩ፤ ባርጋቪ ሰባት ስምንተኛ፣ ሱሎቻና ሦስት አራተኛ። ጀልባው በአንድ ፀጉር አልተለወጠም። ማንም አንባቢ አያየውም።

«ቼቺ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ሻይኒ።

«ባለትዳሮች እያስታረቅኩ።»

ታትሞ ይላክ እንደሆነ ጠየቀች። አይ… በፍላሽ ይበቃል አልኩ። ምን እንደለወጥኩ በሁለት መስመር ጽፌ ለባርጋቪ አማ በፖስታ ላክሁት። ኮምፒውተር የላቸውም። ይሁን።


ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18

ፀሐይ። ብዙ ጊዜ አልጻፍኩም፤ ጡረተኛ እንዲህ ሥራ ይበዛበታል ብሎ የነገረኝ የለም። ሦስት ሰው ፋይል ወደ ወርድ ቀይሪልኝ ብሎኛል። ሦስቱንም ከመጀመሬ በፊት «ፋይሉ ውስጥ ማን አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁለቱ ሳቁ። ሦስተኛው ቀላ።

መጽሐፉ ወጣ። መስመሮቹ አያምሩም፤ ገጽ መቶ አርባ ላይ ሥዕሉ አሁንም ወደ ሚቀጥለው ሸሽቷል። ድሮ ቢሆን አልይዘውም ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው።

ዛሬ አከርካሪው ተቀጣጠለ፤ ተጠርቼ ሄድኩ። ጫማችንን አውልቀን ወደ ዳሱ ገባን። ሦስቱ ግንድ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ተጋድመዋል፤ እንዲህ ረጅም ነገር ከሰንጠረዥ ወጣ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ዳሙ በየግንዱ ላይ ልኬቱን በኖራ ጽፏል።

ባርጋቪ አማ በአንደኛው ግንድ አጠገብ ቆሙ። ፍላሿን እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋታል።

«ይቺ ናት እኔ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ላሟስ?»

«ሁለተኛው ላይ።»

«ከኋላዬ መሆኗ ጥሩ ነው። ትገፋኛለች።» መዳፋቸውን ኖራው ላይ አሳረፉ። ሴት የእባብ ጀልባ አትነካም፤ ሁሉም ወደ ዳሙ አየ።

«ገና ጀልባ አልሆነም» አለ ዳሙ በዚያች ትንሽ ድምፁ። «እንጨት ነው።»

ከዚያ የአፍንጫው እንጨት መጣ። ዳሙ መጋዙን ይዞ ዞረ፤ ልኬቱን ሊሰማ። ማሽ ጉንፋን ይዟቸዋል። አፋቸውን ከፈቱ፣ ሳሉ፣ እንደገና ከፈቱ፣ ሳሉ።

«ስድስት ከባርጋቪ» አሉ ባርጋቪ አማ፣ ጮክ ብለው።

መጽሐፉ ስድስት ከሰባት ስምንተኛ ይላል። ዳሙ ግን ከአዋቂው አፍ ካልሰማ የማይቆርጥ ሰው ነው። ወደ ማሽ አየ። ማሽ ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያ ሰማዩን… ዝናብ አልነበረም፤ የሚያዩት ነገር አጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዳሙ ቆረጠ።